ቁልቁለቱ አያታልልዎ

እህታችን፣ ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል በብስክሌት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ቀላል ነው። ችግሩ መልሱ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች፣ ሙቀቷም የበረታ ናት። የወረዱት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲመለሱ በቀትር ፀሐይ ዳገት ይሆንብዎታል።

ስለዚህ ጀማሪ ከሆኑ ከሰኞ ገበያ ግርግር ራቅ ብለው በደልዳላ መንገድ ይጀምሩ። በየሳምንቱ ርቀቱን ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ፤ ቀጥሎም አጫጭር ዳገቶችን ይልመዱ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ማልደው ይውጡ፤ ውሃም ሳይጠማዎ ይጎንጩ። ራስዎን ካዞረዎ ወይም ካቅለሸለሸዎ ወዲያው ወርደው ጥላ ሥር ይረፉ።

መጀመሪያ ኮምቦልቻ የወረዱ ዕለት ብስክሌቱን በመኪና ፖርቶመጋላ አስጭነው ቢመለሱ ነውር የለውም። እቤት የሚጠብቅዎ ልጅ አለ።