የወረዳ አስተዳደርና የቆቦ ቆላ

የመንግሥት ክብር በዋናው ከተማ በሚታነጹት ታላላቅ ሕንፃዎች ይታያል፤ የመንግሥት ደግነት ግን የሚታወቀው በወረዳ ነው። ባላገሩ ሚኒስትሩን በዐይኑ ሳያይ ዕድሜውን ይፈጽማል። እርሱ የሚያየው የወረዳውን ሹም፣ የቀበሌውን ጸሓፊ፣ የልጁን መምህርና የጤና ጣቢያውን ሐኪም ነው። እነዚህ ሥራቸውን በትጋት ከፈጸሙለት መንግሥት መልካም ነው ይላል፤ ካጓደሉበት ግን ስለ ታላቁ ዐዋጅ የሚነገረው ሁሉ ለእርሱ የሩቅ ወሬ ነው።

ይህንንም ለመረዳት በሰሜን ወሎ ያለውን የቆቦንና የራያን ቆላ መመልከት ይበቃል። ቆቦ ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ ደጋው፣ በስተ ምሥራቋ የዞብል ተራራ ቆሞ፥ በመካከል ያለው ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ለም መሬት ነው። ነገር ግን ዝናሙ የማይታመን ስለ ሆነ፥ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፉ እርሻን ማጠጣት ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የለመደው ሥራ ነው። ጎርፉም ቀጠሮ የለውም፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገት ይመጣል፥ ለጥቂት ሰዓት ፈስሶም ያልፋል። በዚያች ጥቂት ሰዓት የሚያካፍል ሰው ከሌለ፥ በላይ ያለው ጠግቦ ያፈሰዋል፤ በታች ያለው እርሻው ደርቆ ይቀራል፤ ከዚህም ጠብ ይነሣል።

ስለዚህ በአማራው አገር በብዙ ስፍራ መስኖ የሚጠልፉ ገበሬዎች «የውኃ አባት» የሚሉትን ሰው ይመርጣሉ። የውኃ አባት ተራ ይሰጣል፤ ቦዩ ሲደፈን ሰውን ለጠረጋ ይጠራል፤ ተራ ያፈረሰውንም ይቀጣል። የሚታመንበት ምክንያት ሦስት ነው፤ ይኸውም የመረጡት ሰዎች ያውቁታል፤ ሥራውን በዐይናቸው ፊት ይሠራል፤ ቢያዳላም የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው። የወረዳ አስተዳደርም የሚጸናው በእነዚሁ በሦስቱ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ጠቅላይ ግዛትን፣ አውራጃንና ወረዳን በየደረጃው አሰናዳ፤ ሹማምንቱም በመንግሥት ደመወዝ እንዲተዳደሩ አደረገ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ዳሩ ግን ሥርዓቱ ትእዛዝን ከላይ ወደ ታች ሲያወርድ፥ የሕዝብን ድምፅ ከታች ወደ ላይ የሚያደርስበት መንገድ ጠባብ ነበር። ጉዳቱም በ1965 ዓመተ ምሕረት በወሎ ረኃብ ጊዜ ተገለጠ። የገበሬው እህል መክኖ ከብቱ ሲያልቅ በአጠገቡ ያሉት ያዩ ነበር፤ ወሬው ግን በየጽሕፈት ቤቱ እየተሸሸገ ዘገየ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የረኃቡን ሥዕል በቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ፥ ከወሎ የተነሣው ጩኸት በለንደን ዞሮ ዓለም ሁሉ ሰማው። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበር። በ1977 ዓመተ ምሕረትም ረኃብ በራያ ምድር እንደ ገና ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ በሕግ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50፥ ሕዝቡ በአስተዳደሩ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር ደረጃ በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከ1994 ዓመተ ምሕረት ጀምሮም ክልሉ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት እየሰጠ፥ የወረዳው ምክር ቤት እንዲደለድለው ተደርጓል። ሆኖም ከወረዳው በጀት የሚበዛው ለደመወዝ ስለሚውል፥ ለማደሻና ለመለዋወጫ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ይህም ጕድለት በቆቦ ሜዳ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚያስተውል ያውቀዋል። ክልሉ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት አማካይነት ጥልቅ ጕድጓድ እያስቆፈረ የከርሰ ምድር ውኃ ለመስኖ አውጥቷል። ይህ ሥራ ገበሬውን ጎርፍ ከመጠበቅ የሚያሳርፍ ነው። ነገር ግን ጕድጓድ የሚቆፈረው አንድ ጊዜ ሲሆን፥ ሞተሩ የሚጠበቀው በየቀኑ ነው። የኤሌክትሪኩን ዋጋና የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚችል በውል ካልተወሰነ፥ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ በአንድ ብሎን መጥፋት ይቆማል። በ2013ና በ2014 ዓመተ ምሕረት ጦርነት ቆቦ ድረስ በመጣ ጊዜ፥ በሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ስለ ተዘረፉና ስለ ፈረሱ፥ ሸክሙ በወረዳው ላይ እጅግ ከብዷል።

እንግዲህ ለሹማምንቱ የሚገባው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፥ ሥራ ለወረዳ ሲሰጥ ገንዘቡም አብሮ እንዲሰጥ፥ ከዚያም ላይ ለማደሻ የሚሆን ድርሻ ሳይነካ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛም፥ የገባውና የወጣው ገንዘብ ለሕዝብ ይነገር። በዑጋንዳ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 እስከ 1995 ድረስ ለትምህርት ቤቶች ማስኬጃ ከተመደበው ገንዘብ ውስጥ በአማካይ ከመቶው 13ቱ ብቻ ነበር ለትምህርት ቤቶቹ የደረሰው። መንግሥቱ የሚላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማሳተም ከጀመረ በኋላ ግን የሚደርሰው እጅግ በዛ። ጋዜጣ በማይደርስበት ቀበሌ፥ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስጊድ ደጅና በገበያ ቢነበብ ሥራው ያው ነው፤ በዚህም ካህናቱና ሼሆቹ ታላቅ እርዳታ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሦስተኛም፥ የረኃብን ወይም የበሽታን ወሬ አስቀድሞ የሚጽፍ የቀበሌ ሹም ይመስገን እንጂ አይገሠጽ። መልካም ወሬ ብቻ የሚቀበል ጽሕፈት ቤት፥ የ1965ን ስሕተት ለመድገም መንገድ ይጠርጋል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የአስተዳደርም ሥሩ ወረዳና ቀበሌ ነው። የውኃ አባት ከቤቱ ተኝቶ ውኃ እንደማያካፍል፥ የወረዳም ሹም ከሕዝቡ ርቆ ሕዝቡን ሊጠቅም አይችልም። ለቆቦ ገበሬ ሥልጣኑና ገንዘቡ ወደ ደጁ ከቀረበለት፥ የሚጠይቀውም ሹም ከታወቀለት፥ ክፉ ዘመን ቢመጣ እንኳ ጩኸቱ ባሕር ሳይሻገር ይሰማለታል።