ብርሃን ሲበላሽ ቀድሞ የሚከሰሰው

የግራፊክስ ድራይቨር ስሙ የሚነሳው ሲወቀስ ብቻ ነው። ጌሙ ሲያምር «ካርዱ ጎበዝ ነው» ይባላል፤ ጥላው ቦታው ላይ ሲያርፍ ኢንጂኑ ይመሰገናል። ግድግዳው ላይ ጥቁር እድፍ የወጣ ቀን ግን ሁሉም ጣቱን ወደ ድራይቨሩ ይቀስራል። እኔ በሥራዬ ምክንያት ከዚህ ሶፍትዌር ጋር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ኮምፒውተራችን ውስጥ ካለው ሁሉ፣ እንደሱ ከባድ ሥራ እየሠራ እንደሱ የተረሳ አላውቅም። ስለዚህ ላስተዋውቃችሁ።

ድራይቨር በፕሮግራሙና በካርዱ መካከል የተቀመጠ አስተርጓሚ ነው። ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲና ኢንቴል እያንዳንዳቸው ለካርዳቸው የራሳቸውን ይሠራሉ። ዊንዶውስ ላይ ከቪስታ ወዲህ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚኖረው፤ አንዱ ወገን ከፕሮግራሙ ጋር ይውላል፣ ሌላው ከሲስተሙ እምብርት ጋር። ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ሳይሰጥ ከቆየ ዊንዶውስ እንደገና ያስነሳዋል፤ ስክሪኑ አንዴ ጥቁር ብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያህሉን ጥገና የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔን ደግሞ እስካሁን የሚገርመኝ፣ ድራይቨሩ ሆድ ውስጥ ሙሉ ኮምፓይለር መኖሩ ነው። ጌም ውስጥ ብርሃንን የሚያሰሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ሼደር ይባላሉ። ይህ ፒክስል ከፀሐይ ምን ያህል ብርሃን ያገኛል፣ ከቀይ ምንጣፉ ነጥሮ የሚመጣውስ ስንት ነው እያሉ ለየፒክስሉ የሚያሰሉት እነሱ ናቸው። ጌሙን የሠራው ሰው እናንተ ቤት የትኛው ካርድ እንዳለ ስለማያውቅ ሼደሮቹን የሚልካቸው በግማሽ ተተርጉመው ነው። የቀረውን ግማሽ፣ ወደ ካርዱ የገዛ ቋንቋ የሚደረገውን ትርጉም፣ የሚጨርሰው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለው ድራይቨር ነው። በየጊዜው እንዳይደክምም የተረጎመውን ካሽ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አዲስ ድራይቨር ሲገባ የድሮው ትርጉም አያገለግልም፤ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ከአፕዴት በኋላ ብዙ ጌሞች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚንገጫገጩት ለዚህ ነው። እንግዲህ «ድራይቨር አፕዴት አደረግሁ» ያለ ሰው፣ በጌሙ ውስጥ ያለውን የብርሃን ስሌት ሁሉ ለአዲስ አስተርጓሚ አስረከብሁ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። የሕንፃ ዲዛይኖችን በአንሪል ኢንጂን እያዘጋጀ ለደንበኞች የሚያሳይ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ካርዱ ተቃጥሏል ብለውኝ ነበር» አለኝ። «እኔ ግን ደረስኩበት። የድሮውን ድራይቨር ስመልሰው እድፉ ጠፋ። ድራይቨሩ ነው ያበላሸው።»

ዴስክቶፑ ላይ በትልቁ «አፕዴት እንዳታደርግ» ብሎ ጽፎ ለጥፏል። አዲሱ የኢንጂን ስሪት በበኩሉ በተከፈተ ቁጥር ድራይቨሩ አርጅቷል እያለ ያስጠነቅቀዋል። ልጁ መሐል ቤት ተይዞ ነበር።

አዲሱን ድራይቨር መልሰን ጫንነውና እድፉን አሳየኝ። የሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ የዕብነ በረድ አምድ ቆሟል። አምዱ ወደ ጀርባ በሚዞርበት ጠርዝ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ካሜራውን ስናስጠጋው ነጥቧ ሳህን አከለች። ካሜራውን ወደ ጎን ሲያዞረው እድፉ እንደ ጥላሸት እየተጎተተ ተከተለ። ብሉም የሚባለውን፣ ደማቅ ነገር ዙሪያውን እንዲፈካ የሚያደርገውን ማጣሪያ፣ አጥፋው አልኩት። አጠፋው። ሳህኗ ተሰብስባ ተመልሳ ነጥብ ሆነች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚያች ነጥብ ውስጥ ነውና።

በ1985 የወጣው የኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥሮች ደረጃ፣ መልስ ለሌለው ስሌት የሚሰጥ አንድ ልዩ እሴት አለው፤ ናን ይባላል፣ «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሲጠየቅ መልሱ ናን ነው። ናን ክፉ ጠባይ አለው፦ የነካውን ሁሉ ራሱን ያስመስላል። ናን ላይ 5 ብትደምሩ ናን ነው፤ ከሺህ ጤነኛ ቁጥሮች ጋር አማካይ ብታወጡለትም ናን ነው። ብሉም ደግሞ ሥራው የአንዱን ፒክስል ብርሃን ለጎረቤቶቹ ማካፈል ነው፤ በአንድ የታመመ ፒክስል ዙሪያ ያሉትን ሁሉ ያሳምማል። እንደ ሉመን ያሉት ዘመናዊ የብርሃን ዘዴዎችና የጠርዝ ማለስለሻዎቹ ደግሞ የአሁኑን ፍሬም ከቀደሙት ጋር እየቀላቀሉ ስለሚሠሩ፣ ኢንጂኑ ማጥሪያ ካላበጀ የትናንቱ ናን ለዛሬው ይተላለፋል። እድፉ እየተጎተተ የተከተለን ለዚህ ነው።

ናኑ ከየት መጣ? ኖርማል ማፕ የሚባለው ምስል እያንዳንዱ የገጽታ ነጥብ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ይመዘግባል። አቅጣጫው በሦስት ቁጥር ይገለጻል፣ ርዝመቱም ሁልጊዜ 1 ነው። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ሁለቱ ብቻ ይቀመጡና ሦስተኛው በስሌት ይወጣል፦ ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቶ መደመር፣ ድምሩን ከ1 መቀነስ፣ የቀረውን ስኩዌር ሩት ማውጣት። ለምሳሌ 0.6 እና 0.8 እንበል። 0.36 ሲደመር 0.64 እኩል ይሆናል 1፤ ከ1 ሲቀነስ 0፤ የዜሮ ስኩዌር ሩት ዜሮ። ምንም ችግር የለም።

ግን 0.6ም ሆነ 0.8 በ32 ቢት ልክ በልክ አይጻፉም፤ ሁለቱም ከአቧራ ያነሰ ትርፍ ይዘው ነው የሚቀመጡት። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ብዜት ለብቻው ሠርቶ፣ አጠጋግቶ፣ ቀጥሎ ከደመረ ትርፉ በመጠጋጋቱ ውስጥ ይጠፋና ድምሩ በትክክል 1 ይወጣል። ካርዶች ግን ማባዛትና መደመርን በአንድ እርምጃ አዋህደው መሥራትም ይችላሉ፤ ፈጣን ነው፣ መሐል ላይ ስለማያጠጋጋም የበለጠ ትክክለኛ ነው። የ0.6ን ብዜት ከድምሩ ጋር አዋህዶ ከሠራው መልሱ 1.00000012 ይሆናል። ከ1 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ወረደ። ስኩዌር ሩቱ ናን ሆነ። ወረቀት ላይ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ደንቡን የጠበቀ ነው።

ሁለቱም ድራይቨሮች ትክክል እንደነበሩ አስተውሉ። ሼደር የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ጸሐፊው አጥብቆ ካልከለከለው በቀር፣ ኮምፓይለሩ እንዲህ እንዲያዋህድ ይፈቅድለታል። አዲሱ ድራይቨር የተፈቀደለትን ሠራ፤ እንዲያውም የበለጠ ጠንቅቆ ሠራ። ጥፋቱ የነበረው ልጁ ከአንድ ቪዲዮ ገልብጦ ማቴሪያሉ ውስጥ ባስገባት ስሌት ላይ ነው፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ቢወርድስ ብላ አትጠይቅም። የድሮው ድራይቨር በአጋጣሚ ሲሸፍንላት ኖሯል።

«ድራይቨሩን ስመልሰው ጠፋ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው» የሚለው ፍርድ የሚያስቆጣኝ በዚህ ምክንያት ነው። መመለሱ የሚያሳየው ነገሩ ከአፕዴቱ ጋር ተያይዞ መገለጡን ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው ካፈሰሰ ቀዳዳውን ዝናቡ አልቀደደውም።

ድራይቨሩ ራሱ የሚያጠፋበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። አምራቾቹ ከእያንዳንዱ ስሪት ጋር በሚያወጡት ማስታወሻ ላይ የታወቁ ችግሮችን ይዘረዝራሉ፤ አንሪል ኢንጂንም ችግር ያለባቸውን የድራይቨር ስሪቶች መዝግቦ ይይዛል፣ ሲከፈትም ያስጠነቅቃል። ያንን ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ «ኦኬ» የሚጫኑ ሰዎችን አያለሁ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ንባብ ነው፤ እባካችሁ አንብቡት።

ሌላው ዓይነት በሽታ ብልጭልጭታ ነው። እድፍ አይደለም፣ አይስፋፋም፤ ጥላው በአንዱ ፍሬም አለ፣ በሚቀጥለው የለም። በዳይሬክትኤክስ 11 ዘመን ድራይቨሩ ተራ አስከባሪ ነበር፤ ጥላው ተጽፎ ሳያልቅ ሌላው ሥራ እንዳያነበው እሱ ይጠብቅ ነበር። በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ዳይሬክትኤክስ 12፣ በ2016 ደግሞ ቩልካን ሲመጡ ይህ ኃላፊነት ለኢንጂኑ ተላለፈ። ኢንጂኑ አንድ ቦታ «ጠብቅ» ማለት ከረሳ፣ በአንዱ ድራይቨር ላይ ሥራው በአጋጣሚ ቀድሞ ያልቅና ማንም አያውቅም፤ ፈጠን ባለው ድራይቨር ላይ ይጋለጣል። ያው ትዕይንት በዳይሬክትኤክስ 11 ሲከፈት ብልጭልጭታው ከጠፋ ጥርጣሬዬን ወደዚያ አዞራለሁ። ሬንደርዶክ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ አንዱን ፍሬም ይዞ እያንዳንዱን የሥዕል እርምጃ ዘርግቶ ያሳያችኋል። ናን ያለበትን ፒክስል ለይቶ ስለሚያቀልምም፣ ልጁ ያችን ነጥብ ከእነ ስሌቷ ያገኛት በእሱ ነው።

አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። በ2001 የኤቲአይ ራዲዮን 8500 ካርድ ድራይቨር ኩዌክ 3 የተባለውን ጌም በስሙ እንደሚለየው ተደረሰበት። የጌሙ ፋይል ስም ከ«ኩዌክ» ወደ «ኳክ» ሲቀየር ፍጥነቱ ወረደ፣ የምስሉ ጥራት ግን ተሻሻለ። ድራይቨሮች ዛሬም ጌምን በስሙ እያወቁ የተለየ አያያዝ ያደርጉለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቅማችን ነው። ያም ሆኖ የብርሃን ችግር በአንድ ጌም ላይ ብቻ ሲታይ የፋይሉን ስም ለሙከራ መቀየር ከጠቃሚ ዘዴዎቼ አንዱ ነው።

የሚያናድደኝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያደርግ ሰው ነው። ካሹን ያጠፋል፣ ድራይቨሩን ዲዲዩ በሚባለው ማጽጃ መሣሪያ ጠርጎ ያወጣል፣ ኢንጂኑን እንደገና ይጭናል፤ ከዚያ «ተስተካከለ» ይላል። ምን እንዳስተካከለው ግን አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ሲመለስበትም ያንኑ ሁሉ ይደግማል። አንድ ነገር ቀይሩ፣ እዩ፣ ጻፉ። መጀመሪያ የድራይቨሩን ስሪት ቁጥር፤ ዊንዶውስ ሳይነግራችሁ ቀይሮት ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ የሼደር ካሹን ብቻ አጥፍታችሁ ሞክሩ። እሱ ካልሆነ በዲቫይስ ማኔጀር በኩል የቀድሞውን መልሱ። ዲዲዩ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፣ ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ የሚሠራበትም በሴፍ ሞድ ነው።

በእኛ አገር ሁኔታ ደግሞ የድሮውን ድራይቨር መጫኛ በፍላሽ ማስቀመጥ ግድ ነው። ፋይሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ ደንበኛ ተቀጥሮ፣ ዳታ አልቆ፣ ኔትወርክ ተጨናንቆ እንደገና ማውረድ ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቃል። ዴስክቶፕ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። በጭነት መሐል መብራት ሄዶ ስክሪናቸው ደብዝዞ ቀርቶ ስንቶች መጥተውብኛል። ሥራ ልታስረክቡ ባላችሁበት ዋዜማ ደግሞ ምንም አፕዴት አይደረግም፤ ይህን የምለው ድራይቨሩን ስለማከብረው ነው። አዲስ አስተርጓሚ ከትልቅ ስብሰባ በፊት ትንሽ መለማመጃ ያስፈልገዋል።

ወጣቱ ስሌቷ ላይ አንድ ቃል ጨመረ፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ዜሮ እንዲያደርገው የምታዝዝ ቃል። ሴቭ አደረገና ሼደሩ እስኪተረጎም ጠበቅን። ድራይቨሩ አዲሱ ነው፣ ብሉም በርቷል፣ ሉመንም ይሠራል። ካሜራውን ወደ አምዱ አስጠጋ፣ ዞረው፣ ተመልሶም ዞረው። ዕብነ በረዱ ከዓይን በሚሸሽበት ጠርዝ ላይ፣ ነጥቧ በነበረችበት ቦታ፣ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ቀጭን መስመር ሆኖ ተቀምጧል። ዴስክቶፑ ላይ የለጠፈውን ጽሑፍ ያነሳው እዚያው ፊቴ ነው።