ከኮርን የወጣው ጊታሪስት፦ ሶሎ መሆን ስንት ያስከፍላል?

በ2005 መጀመሪያ ላይ የሜታል ሙዚቃ አድማጩን ጉድ ያሰኘ ወሬ ወጣ። «ሄድ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው የኮርን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ዌልች ክርስቲያን ሆኛለሁ ብሎ ባንዱን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ እስራኤል ሄዶ በዮርዳኖስ ወንዝ ተጠመቀ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ኮርንን ለማታውቁ ባጭሩ፦ በ1993 በካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ከተማ የተመሠረተ ባንድ ነው። «ኑ ሜታል» የሚባለውን ስልት ለዓለም ካስተዋወቁት ውስጥ ከቀዳሚዎቹ ነው። ዌልችና ሌላኛው ጊታሪስት ጄምስ ሻፈር ሰባት ክር ያለው ጊታር ይዘው፣ ቅኝቱን ወደ ታች አውርደው፣ ደረት የሚመታ ድምፅ ያወጡ ነበር። በ1998 የወጣው «ፎሎው ዘ ሊደር» የተባለው አልበማቸው አሜሪካ ውስጥ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ በ1ኛነት ገባ። በ2000 ደግሞ ግራሚ ወሰዱ። ሰውዬው ጥሎት የሄደው እንግዲህ ይህን ነው።

ምክንያቱን በ2007 ባሳተመው መጽሐፉ ራሱ ተርኮታል። የሜታምፌታሚን ሱሰኛ ነበር። ትንሿን ልጁን ደግሞ ብቻውን ነበር የሚያሳድገው። በአንድ እጅ ልጅ፣ በሌላ እጅ ዕፅ ይዞ ዓለምን መዞር አልሆነለትም።

እስከዚህ ያለው በየቸርቹ የምንሰማውን ምስክርነት ይመስላል። «እንዲህ ነበርኩ፣ አሁን ግን እንዲህ ሆንኩ።» ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። ጭብጨባ፣ ሃሌሉያ፣ በቃ። እኔን ግን፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ አመል ሆኖብኝ፣ የሚያሳስበኝ ከእሑዱ ጭብጨባ በኋላ ያለው ሰኞ ነው። ሰውዬው ሰኞ በምን ይኖራል?

አምስቱ የሚጋሩትን አንዱ ሲከፍል

ባንድ ማለት ሙዚቃ አብሮ መጫወት ብቻ አይደለም። ወጪና አደጋ መጋሪያም ነው። ኮርን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። ስቱዲዮው፣ ማናጀሩ፣ ጠበቃው፣ አውቶቡሱ፣ የሳውንድ ባለሙያው ሁሉ ከጋራ ገቢ ይከፈላል። ከሁሉ በላይ ስሙ የጋራ ነው። «ኮርን» የሚለው ቃል ፖስተር ላይ ከተጻፈ ትኬት ይሸጣል። ዌልች ሲወጣ ጊታሩን ይዞ ወጣ እንጂ ያንን ስም ይዞ መውጣት አይችልም ነበር።

የወጣበት ጊዜም አለ። በዚያው ዓመት ኮርን ከኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ጋር በወቅቱ አዲስ የሆነ ውል ፈረመ። ኩባንያው ገንዘብ ያቀርባል፣ በምትኩ ከአልበም ሽያጭ ብቻ ሳይሆን ከኮንሰርቱም፣ ከቲሸርቱም ድርሻ ይወስዳል። የሲዲ ሽያጭ እየወረደ ስለነበር ሙዚቀኛው ገንዘብ የሚያገኘው ከመድረክ መሆኑ ሁሉም ገብቶታል። ዌልች ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው ከመድረኩ የወረደው። ክፍል ውስጥ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ሲሉን የሰማነው ነገር ይኼ ነው፤ የመረጥከው ነገር ዋጋው፣ ስትመርጠው የተውከው ነው።

ሶሎ አልበሙ ወዲያው አልደረሰም። «ሴቭ ሚ ፍሮም ማይሰልፍ»፣ ከራሴ አድነኝ ማለት ነው፣ የወጣው በመስከረም 2008 ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ድምፁ ከኮርን አልቀለለም። ሰዎች «አሁን ለስለስ ያለ መዝሙር ይዞ ይመጣል» ብለው ጠብቀው ነበር። እሱ ግን ያንኑ ከባድ ጊታር ይዞ ስለ ሱስ፣ ስለ ንዴትና ስለ ንስሐ ጮኸ። ሌላም ለውጥ አለ። ኮርን ውስጥ የሚዘፍነው ጆናታን ዴቪስ ነበር፤ ዌልች ከጎን ቆሞ ጊታሩን ይመታል። አሁን ማይኩ ፊት መቆም ግድ ሆነበት። ጊታሪስት ሶሎ ሲወጣ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። የሰው ጆሮ የለመደው ድምፅን ነው፤ ጣቱን ማን ያውቀዋል?

ገበያውም ለሁለት ተከፈለበት። ለሜታል አድማጩ ሰባኪ ሆነ። ለብዙ የቸርች ሰው ደግሞ ንቅሳት የሞላው፣ ጸጉሩን የጎነጎነ ጯሂ ነው። ሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ የኔ አላለውም። በ2016 ባሳተመው ሌላ መጽሐፉ፣ በእነዚያ የብቻ ዓመታት ገንዘቡ እንዴት ከእጁ እንደወጣና ልጁም ምን ያህል እንደተጎዳች ሳይሸፋፍን ጽፏል። እኔ ከምስክርነቱ ሁሉ የማከብረው ይህን ክፍል ነው። «አመንኩ፣ ሁሉም ተሳካልኝ» አላለም።

በ2012 ሌላ ውሳኔ ወሰነ። የራሱን ስም ከፖስተሩ ላይ አወረደና አብረውት ከሚጫወቱት ልጆች ጋር «ላቭ ኤንድ ዴዝ» የሚባል ባንድ ሆኑ። የመጀመሪያ አልበማቸው በጥር 2013 ወጣ። ልብ በሉ፤ ከባንድ ወጥቶ ሶሎ የሆነው ሰው ተመልሶ ባንድ ነው የሠራው።

መመለስ ክህደት ነው?

በግንቦት 2012 ዌልች ሰሜን ካሮላይና በተደረገ አንድ ፌስቲቫል ላይ ከኮርን ጋር መድረክ ወጣ። በ2013 በይፋ ተመለሰ። በጥቅምት ወር የወጣው «ዘ ፓራዳይም ሺፍት» ከ2003 ወዲህ እሱ የተጫወተበት የመጀመሪያው የኮርን አልበም ነው። እምነቱን ግን አልተወም። በመካከሉ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ፊልዲም አምኖ በ2009 የራሱን መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። «ላቭ ኤንድ ዴዝ»ም አልፈረሰም፤ ሁለተኛ አልበሙን በ2021 አውጥቷል። ዛሬ ዌልች ኮርን ውስጥ ይጫወታል፣ የራሱ ባንድ አለው፣ ስለ እምነቱም ይናገራል።

ለኛ ሀገር ሰው ይህ ያስቸግራል። ፈረንጁ ለሁለቱም አንድ ቃል ሲጠቀም እኛ «ዘፈን» እና «መዝሙር» ብለን ለይተናል። በመካከላቸው ያለው በር ደግሞ የአንድ አቅጣጫ በር ነው። የፖሊስ ኦርኬስትራዋ ሂሩት በቀለ ያንን ሁሉ ተወዳጅ ዘፈን ትታ ወደ መዝሙር ዞረች። ሙሉቀን መለሰም እንዲሁ። ገና በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ዘፈንን ትቶ፣ አሜሪካ ሆኖ በእምነቱ ኖሮ፣ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። አድናቂዎቹ ስንት ዓመት «ምነው አንዴ እንኳ ቢዘፍን» ሲሉ ኖሩ። እሱ ግን ጨርሷል። እንዲህ ያለውን ቁርጠኝነት አለማክበር አይቻልም።

ግን አንድ ልዩነት አለ። ሂሩትና ሙሉቀን ድምፃውያን ናቸው። ድምፃዊ ከዘፈን ሲወጣ ድምፁን ይዞ ይሄዳል፤ በዚያው ድምፅ በስሙ ይዘምራል። ጊታሪስቱስ? የጊታር ክር ዘፈንና መዝሙር አይለይም። ያው ኮርድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በሁለቱም ቦታ ከዘማሪው ኋላ ነው የሚቆመው። ስሙን ፖስተር ላይ ፈልጉት፣ አታገኙትም።

ፒያሳ ያለው ሱቅና የክራንቤሪው እርሻ

የዌልች ነገር የእሱ ብቻ አይደለም። የክርስቲያን ሜታል ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ባንድ ስትራይፐር ነው። ከመድረክ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ለተመልካች ይወረውሩ ነበር፤ በ1986 ያወጡት አልበም አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ኮፒ በላይ ሸጧል። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ማይክል ስዊት በ1992 ባንዱን ለቆ ሶሎ ወጣ። በ1994 በስሙ አልበም አሳተመ። ጥሩ አልበም ነበር። ግን በእነዚያ ዓመታት ኑሮውን የደጎመው ማሳቹሴትስ ውስጥ በክራንቤሪ እርሻ እየሠራ ነው፤ ክራንቤሪ ጎምዛዛ ቀይ ፍሬ ናት። ስትራይፐር በ2003 ሲሰባሰብ እሱም ተመለሰ። ዛሬ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስኬዳል።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከሱሉልታ ጋራውን ተሻግረን እንጦጦ ላይ ሌላ ምሳሌ አለ። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ የተወለደው እዚያ ነው። በልጅነቱ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤት ሆነው መጡና በገና አስተማሩት። በገና ሜታል አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አንዴ ድምፁን አስተውላችሁ ስሙ። ከአሥሩ አውታሮች ሥር እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ያ እንደ ንብ የሚያዛምም ወፍራም ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ጊታሪስት በዲስቶርሽን ፔዳል የሚፈልገውን ሸካራ ድምፅ አባቶቻችን በቆዳ ነው ያገኙት። የሚደረደረውም ብቻ ለብቻ፣ ለጸሎት ነው። ከዚህ በላይ «ሶሎ» የለም።

ዓለሙ አጋ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምሯል፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምሯል። በ1980 ማስተማሩን ተወና ፒያሳ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። በኋላ ዓለም ያወቀው፣ በታዋቂው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛው ሲዲ የእሱ በገና ሆኖ ሲወጣ ነው። ሱቁ በገናውን አላረከሰበትም። እንደኔ እንደኔ፣ ያቆየለት ሱቁ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ሥራውና ስቱዲዮው ግን አሁንም በብዛት አዲስ አበባ ነው። በጅማ መንገድ በዓለም ገና በኩል፣ በአምቦ መንገድ በአሸዋ ሜዳ በኩል፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ዞሮ፣ ጊታር በጀርባው ያዘለ ልጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ አይጠፋም። እሑድ በኦሮምኛም በአማርኛም ያመልካል። በሳምንቱ መሀል ለሰው አልበም ይቀርጻል። ቅዳሜ ሰርግ ቢጠራ ይሄድ ይሆን? ይህ ነው ጭንቁ። ሄዶ ከታየ ከአገልግሎት ሊታገድ ይችላል። ካልሄደ ደግሞ ክር መግዣ የለውም።

ክሩም እኮ ድሮ እንደነበረው አይደለም። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጊታር፣ ፔዳል፣ ክር፣ አምፕሊፋየር ሁሉም ከውጭ ነው የሚገባው። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ መሣሪያው ግን በዶላር ነው።

እዚህ ላይ ሥነ መለኮት አልገባም፤ መምህራን አሉ። አንድ ነገር ግን በድፍረት እላለሁ። ቅዳሜን የምትከለክል ቤተ ክርስቲያን ሰኞን ማሰብ አለባት። ልጁን «ዓለም ውስጥ አትጫወት» ማለት መብቷ ነው። ግን ለሰባኪ የትራንስፖርት እየተከፈለ፣ ለሳውንድ ሲስተም መዋጮ እየተሰበሰበ፣ ጊታሪስቱ ብቻ «ለጌታ ነው» ከተባለ፣ ዋጋውን ሁሉ አንድ ሰው እየከፈለ ነው ማለት ነው። ከባንድ ወጥቶ ሶሎ እንደሆነው ዌልች፣ እሱም የአምስት ሰው ወጪ ብቻውን ተሸክሟል። ያውም የዌልችን ያህል ስም ሳይኖረው።

ልጆቹ ራሳቸውም ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘማሪውን ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ሙዚቀኛውንም «ከዋኝ» ብሎ ስም ሰጥቶታል፤ ጥበቃውም ለ50 ዓመት ነው። ስቱዲዮ ገብታችሁ ከመቀረጻችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር፦ ማን ተጫወተ፣ ስንት ተከፈለ፣ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ስሙ የት ይጻፋል። «ወንድሜ ነው፣ በውል መነጋገር ያሳፍራል» አትበሉ። ወንድምነቱ የሚቆየው ሒሳቡ ሲጠራ ነው።

ሶሎ መውጣት የሚፈልግም ይውጣ። መሣሪያ ብቻ የሆነ የአምልኮ አልበም ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ ሜታልም ቢሆን እሰማለሁ። ግን ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ያስላ። ወንጌሉም እኮ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥር የለምን ይላል። የስድስት ወር ኑሮውን የሚሸፍን ሌላ ገቢ፣ ሱቅም ይሁን ማስተማር ወይም ዴሊቨሪ፣ ይያዝ። ማን አብሮት እንደሚጫወት ይወቅ። ካልሆነለት ደግሞ ወደ ባንዱ መመለስ ሞት አይደለም። ዌልች ስምንት ዓመት ከፍሎ የተማረው ይኼን ነው፤ እምነቱም ጊታሩም አሁን ድረስ እጁ ላይ አሉ።