ይሄን ልጅ ለምን አያስቀምጡትም?

የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አብሮኝ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቀኝ አይነሳም። ልጁ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ቆሞ ይወረውራል፣ ይስታል፤ ደግሞ ይወረውራል፣ ደግሞ ይስታል። አሰልጣኙ እጁን አጣጥፎ ያያል። ጓደኞቹ ጭራሽ ኳሷን መልሰው ለእሱ ያቀብሉታል! ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ዕዳ አለው፤ ያንን ዕዳ ማን እንደሚከፍለው ስታውቁ ነው ነገሩ የሚጥማችሁ።

በካይል ጋይ ላስረዳችሁ። ጋይ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ወርዋሪ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2018-19 የውድድር ዓመት ከሩቅ ከሚሞክራቸው ኳሶች ከመቶ ከ40 በላይ ያስገባ ነበር። ማርች ላይ ትልቁ የጥሎ ማለፍ ውድድር ደረሰ፤ 68 ቡድን፣ አንዴ የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል። ልክ በዚያ ሰዓት ልጁን ድርቅ መታው። ከኦክላሆማ ጋር ከመስመሩ ውጭ የሞከረው አንድም አልገባለትም። በቀጣዩ ጨዋታ ከኦሪገን ጋርም ብዙ አልተሻለውም። አሰልጣኙ ቶኒ ቤኔት ግን ከቋሚ ተሰላፊነት አላወጣውም፤ አትወርውርም አላለውም።

አሁን ቁጥሩን እዩት። ከሩቅ 100 ወርውሮ 40 የሚያስገባ ሰው 120 ነጥብ ያመጣል። ከቅርብ 100 ሞክሮ 50 የሚያስገባው ግን 100 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአሥር ስድስቱን የሚስተው ልጅ ለቡድኑ ወርቅ ነው ማለት ነው። ችግሩ፣ እነዚያ ስድስት ስህተቶች ተራ ጠብቀው አይመጡም፤ ተጠራቅመው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ወርዋሪ አምስት ወርውሮ አምስቱንም ቢስት ምንም አልሆነም፤ ዕድሉ ከ13 አንድ ገደማ ነው። 20 ወርውሮ አራት ወይም ከዚያ በታች የማስገባት ዕድሉስ? ከ20 አንድ ያህል። ይህ ሁሉ እግሩን ሳያመው፣ ልቡም ሳይሸበር ነው። በአንድ ዓመት ከ30 በላይ ጨዋታ የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ ሳምንት ሳይገጥመው ቢያልፍ ነበር የሚገርመኝ።

ጊሎቪች፣ ቫሎኔና ትቨርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985፣ ተከታታይ ያስገባ ሰው «እጁ ሞቋል»፣ ቀጣዩንም ያስገባል የሚባለው ነገር የዓይን ማታለል ነው ብለው ጽፈው ነበር። ሚለርና ሳንሁርሆ ደግሞ በ2018 የአቆጣጠሩ ዘዴ ራሱ የተደበቀ አድልዎ እንዳለው አሳዩና ክርክሩን እንደ አዲስ ከፈቱት። የሞቀ እጅ አለ የለም የሚለው ክርክር አላለቀም፤ አሰልጣኙን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው።

ምን መሰላችሁ፣ አሰልጣኝ የሚያየው ኳሷ መሳቷን ሳይሆን አሳሳቷን ነው። የቀለበቱን የፊት ጠርዝ እየመታች ከተመለሰች እግሩ ደክሟል ይላሉ፤ ጉልበቱ ከታች አልመጣም። አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ከሄደች የአወራወሩ ነገር ተበላሽቷል። ኳስ ሲቀበል እግሩን አስተካክሎ፣ ተከላካይ ሳይደርስበት ወርውሮ ከሳተ ግን፣ ይቀጥል። ከሁሉ የሚያስፈራው መወርወር ሲያቆም ነው። ተከላካዩ ከጋይ ጋር እየተለጠፈ፣ ጓደኞቹ በሰውነታቸው በሚሠሩለት ግርዶሽ መካከል ሲሮጥ ከቀለበቱ ሥር ቦታ ይለቀቃል፤ የቡድን አጋሮቹ ማማዲ ዲያኪቴና ደአንድሬ ሀንተር እዚያ ነበር የሚያርሱት። ጋይ መወርወር ከፈራ ተከላካዩ ይተወዋል፤ ያ ቦታም ይዘጋል። ስለዚህ የሚስት ጋይ ከሚፈራ ጋይ ይሻላል።

ዕዳው ታዲያ? በጥሎ ማለፍ «ውሎ አድሮ ይስተካከላል» ማለት አያዋጣም፤ የሚስተካከለው ቡድኑ ቤቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያ ጊዜ የገዛው በመከላከል ነው። ጨዋታውን በጣም ያዘገዩ፣ የቀለበቱን አካባቢም አጥረው ይይዙ ነበር። ኦክላሆማን በ51 ነጥብ፣ ኦሪገንን በ49 አስቀሯቸው፤ እነሱ ራሳቸው ያገቡት 63 እና 53 ነው። የጋይን ስህተት የከፈሉት እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 85 ነጥብ የሚገባበት ቡድን ይህን ትዕግሥት ከየት ያመጣዋል?

ከዚያ ፐርዱ መጣ። ካርሰን ኤድዋርድስ የሚባል ልጅ አሥር ባለሦስት ነጥብ ኳስ አስገብቶ 42 ነጥብ አስቆጠረባቸው፤ መከላከሉ በዚያ ምሽት ዕዳ መክፈል አቃተው። የጋይ እጅ የተፈታው ልክ ያኔ፣ ከእረፍት መልስ ነው። 25 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከቀለበት የተመለሱ 10 ኳሶችም ለቀመ። ዲያኪቴ መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ አቻ አደረጋቸውና በጭማሪ ሰዓት 80 ለ75 አሸነፉ። በውጤቱ ቤኔት ልክ ነበር ብዬ እንደማልፈርድ ግን ልንገራችሁ፤ ጋይ በዚያ ምሽት ቢስትም ኖሮ ውሳኔው ያው ውሳኔ ነበር።

በግማሽ ፍጻሜው ከኦበርን ጋር 62 ለ60 እየተመሩ፣ ሰዓቱ ላይ 0.6 ሰከንድ ሲቀር ኳሷ አሁንም ለጋይ ነበር የተሰጠችው። ከሩቅ ሲወረውር ጥፋት ተሠራበትና ሦስት የቅጣት ውርወራ አገኘ። ከ70 ሺህ በላይ ሰው እያየው ሦስቱንም አስገባ፤ 63 ለ62። ፍጻሜውንም ቴክሳስ ቴክን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ77 አሸነፉ፤ ጋይ 24 ነጥብ አስቆጥሮ የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ኮከብ ተባለ። እኔ ብሆን ለሀንተር እሰጠው ነበር፤ በፍጻሜው 27 ያስቆጠረው እሱ ነው። ግን እሱ ሌላ ክርክር ነው።