ባለ 23 ቁጥሩ ማሊያ

ሰሞኑን ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ጫኖ ላይ ቆም ብለን ነበር። ሙዝ ከሚጭኑት ወጣቶች አንዱ ቀይ የቺካጎ ቡልስ ማሊያ ለብሷል፤ ቁጥሩ 23፥ ይኸውም የማይክል ጆርዳን ነው። ከልባሽ ጨርቅ ተራ መርጦ እንደ ገዛው ነገረን። ጆርዳን ራሱ በ1998 እ. ኤ. አ. በፍጻሜው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ የለበሰው ማሊያ ግን በ2022 በኒው ዮርክ ሐራጅ 10.1 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል!

ጨርቁማ ተራ ነገር ነው። ቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሱፍ ይለብሱ ነበር፤ ላብ ሲጠጣ ይከብዳል። ኋላ የሚያብረቀርቅ ሳቲን፥ ቀጥሎም ነፋስ የሚያስገባ ወንፊት መሳይ ናይሎን መጣ። ከዚያ ወዲህ ንድፉ ከሜዳ አልፎ ለዓይን ይሠራ ጀመር፤ በ1995 በቶሮንቶ ራፕተርስ ማሊያ ላይ ዳይኖሰር የተባለው የጥንት አውሬ ኳስ ሲያነጥር ተሣለ። ያን ጊዜ ብዙዎች ሣቁበት፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

ነገሩ ከሩቅ መለየት ከሆነ፥ ከጫኖ በላይ ባለው ተራራ የዶርዜ ሸማኔ የሚሠራውን ድንጉዛ ምን ይበልጠዋል? ቀይ፥ ጥቁር፥ ቢጫ! ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ወጣቱን ብንጠይቀው ድንጉዛውን ለበዓል እንደሚያወጣው ገለጠልን። ልክ ነው፤ ጥጥ ላብ ስለሚይዝ ለሜዳ አይሆንም። መስመሩ ግን በማሊያ ጎንና አንገት ላይ ቢገባ እኛ በበኩላችን ቀድመን እንገዛለን። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ንድፉ በፋብሪካ ከታተመ ሸማኔው ምን ያገኛል? የአሜሪካ ቡድኖች ለስማቸውና ለምልክታቸው ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ለድንጉዛው የሚያስከፍል ማን ነው?

ይህን ስንከራከር መኪናው ሞላ፤ ወጣቱም ማሊያውን አውልቆ ጨመቀና መልሶ ለበሰው።