ሊጉጄ፦ የቅዱስ ማርቲኖስ ገዳምና በዙሪያው የሚገኙ ጥንታውያን ስፍራዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ምእመናን በዕረፍት ጊዜያቸው ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት ይሄዳሉ። በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት አሳብ ሲነገር እንሰማለን። አንዳንዶች «በዚህ አገር የእኛ የሆነ ነገር የለም» ብለው ስፍራውን እንደ ማንኛውም ሙዚየም ዐይተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ሌሎች ደግሞ «ሁሉም አንድ ነው» በማለት ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ሳይጠይቁ በዚያ በሚፈጸመው ምሥጢር ይሳተፋሉ። ሁለቱም መንገዶች ትክክለኛ አለመሆናቸውን አንዲት አነስተኛ የፈረንሳይ ቀበሌ አብነት አድርገን እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሊጉጄ ገዳም

ሊጉጄ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከፗትዬ ከተማ በስተደቡብ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በክላን ወንዝ ዳር ትገኛለች። ከፓሪስ እስከ ፗትዬ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል፤ ከዚያ በአካባቢው ባቡር የቀረው መንገድ ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህችን ትንሽ ስፍራ በታሪክ ታላቅ ያደረጋት በ361 ዓ.ም. በዚያ የተመሠረተው ገዳም ነው።

መሥራቹ ቅዱስ ማርቲኖስ የተወለደው ዛሬ ሀንጋሪ በምትባለው አገር፣ ክርስቲያን ካልሆኑ ወላጆች ነው። ገና ንኡሰ ክርስቲያን ሳለ በሮም ሠራዊት ውስጥ ወታደር ነበር። በአሚያን ከተማ በር በብርድ የሚንቀጠቀጥ የኔ ቢጤ ባየ ጊዜ የሚሰጠው ሌላ ነገር ስላልነበረው ካባውን በሰይፉ ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን አለበሰው። በዚያችም ሌሊት ጌታችን ያንን የካባ ቁራጭ ለብሶ በሕልም እንደ ታየው ገድሉን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ሱልፒክዮስ ሳዊሮስ ይተርካል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ለታናናሾች የተደረገው ለራሱ ለጌታ እንደ ተደረገ የተነገረው ቃል በዚህ ሰው ሕይወት በግብር ተገልጧል። በምዕራባውያን ቋንቋዎች ትንሽ የጸሎት ቤት «ቻፕል» መባሏም ይህ ካባ ይጠበቅባት ከነበረችው ቤት የመጣ ነው።

ማርቲኖስ ከተጠመቀ በኋላ ውትድርናውን ትቶ የፗትዬ ኤጲስ ቆጶስ ወደ ነበረው ወደ ቅዱስ ሂላርዮስ መጣ። በሊጉጄም ብቻውን በጸሎት ሲኖር ወንድሞች በዙሪያው ተሰበሰቡ፤ በዚህም በጎል ምድር ከሚታወቁት ገዳማት ቀዳሚው ሆነ። ሳይጠመቅ የሞተውን ንኡሰ ክርስቲያን በጸሎቱ ያስነሣውም በዚሁ ገዳም እንደ ነበረ ሱልፒክዮስ ጽፏል። ማርቲኖስ በ371 ዓ.ም. የቱር ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ፤ በ397 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሮማውያን ዘመን ቤት ፍርስራሽና የጥንት ሕንፃዎች መሠረት ተገኝቷል። ዛሬ በገዳሙ የሚኖሩት የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት ሲሆኑ፣ በመዳብ ላይ ባለ ቀለም መስታወት በእሳት እያቀለጡ በሚሠሩት ሥዕል ይታወቃሉ።

በፗትዬ የሚታዩ ስፍራዎች

በከተማዋ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ጥምቀት ነው። በፈረንሳይ ከቀሩት የክርስቲያን ሕንፃዎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። በመካከሉ ስምንት ማዕዘን ያለው ገንዳ ይገኛል። ተጠማቂዎች ወደ ገንዳው ወርደው ይጠመቁ ስለ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ በውኃ ውስጥ በማጥለቅ የምትፈጽመው ሥርዓተ ጥምቀት በምዕራቡም ዓለም ጥንታዊ ሥርዓት እንደ ነበር ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። በኋላ ዘመን በማጥለቅ ማጥመቅ ሲቀር ገንዳው ተደፈነ፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላም ሕንፃው ተሽጦ መጋዘን ሆኖ ነበር። ዛሬ ሙዚየም ነው።

በቅዱስ ሂላርዮስ ስም የተሠራው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሁን የሚታየው ሕንፃ በአብዛኛው የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በሌላ በኩል የንግሥት ራዴጉንድ መቃብር ይገኛል። ይህች ንግሥት ቤተ መንግሥቱን ትታ መንናለች፤ በ569 ዓ.ም. ከቍስጥንጥንያው ንጉሥ ከዳግማዊ ዮስጢኖስ የቅዱስ መስቀሉን ክፋይ ተቀብላ ገዳሟን በመስቀሉ ስም አስጠርታለች። የመስቀሉን በዓል በድምቀት የሚያከብርና ግማደ መስቀሉ ያረፈባትን ግሸንን የሚሳለም ምእመን ይህን ሲሰማ ልቡ መነካቱ አይቀርም።

ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት

ንጉሡ ቆስጠንዲዮስ የአርዮስን ወገን በደገፈ ጊዜ ቅዱስ ሂላርዮስ የኒቅያን ሃይማኖት አልክድም በማለቱ በ356 ዓ.ም. ወደ ፍርግያ ተሰደደ፤ በስደቱም ስለ ቅድስት ሥላሴ ዐሥራ ሁለት መጻሕፍት ጻፈ። ቅዱስ አትናቴዎስን ያሳደደው ይኸው ንጉሥ ነው። በዚያው ዘመን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ አባታችን አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ወደ አርዮሳዊው ጊዮርጊስ ወደ እስክንድርያ እንዲልኩት ጠይቆ ነበር። የፗትዬው አባትና የአክሱሙ አባት በአንድ ንጉሥ እጅ፣ ስለ አንዲት ሃይማኖት ተፈተኑ። ስለዚህ «የእኛ የሆነ ነገር የለም» ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የተፈጠረው መለያየት እስከ ዛሬ አለ። የጥንቱ አባቶች የጋራ መሆናቸው የዛሬውን ልዩነት አያጠፋውም። ስለዚህም «ሁሉም አንድ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ተጓዡ ምን ያድርግ?

ምእመናን ከመሄዳቸው አስቀድሞ ከንስሓ አባታቸው ጋር ይምከሩ። በስፍራው በጨዋ አለባበስና በጸጥታ ይግቡ፤ የመነኮሳቱን የጸሎት ሰዓት ያክብሩ፤ ከቁርባኑና ከሌሎች ምሥጢራት ግን አይሳተፉ። በልባቸው ጸሎተ ሃይማኖትን ይድገሙ፤ ሂላርዮስ የተሰደደለት እምነት ይህ ነውና። ልጆቻቸውን ይዘው ከሄዱም በደረቀው ገንዳ አጠገብ ቆመው የጥምቀታቸውን ነገር ያስረዷቸው። ግድግዳ ሺህ ዓመት ሊቆም ይችላል፤ እምነት ግን ለልጅ ካልተነገረ በአንድ ትውልድ ይጠፋል፤ የቀረውም ቤት መጋዘን ይሆናል።

ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13 ቍጥር 7 ዋኖቻችንን እንድናስብና በእምነታቸው እንድንመስላቸው አዝዞናል። ወደ ሊጉጄ የሚደረግ ጉዞ ፍሬ የሚያፈራውም የተመለሰው ተጓዥ በሚኖርበት ከተማ የታረዘውን ሲያለብስ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።