«ምክንያታዊ» ስለሚባለው አቋም፦ የስዊድን የጾታ ሕግና የሁስቢ ወላጆች

በስቶክሆልም ሰሜን ምዕራብ፣ በሁስቢ የምንኖር ስደተኞች ቡና ላይ ስንገናኝ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች መብት አወዛጋቢ አስተያየት የሚሰነዝር ሰው ምክንያታዊ ሊባል ይችላልን? የሚል ነው። ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2024 በ234 ድጋፍና በ94 ተቃውሞ ያጸደቀው፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ፣ በመዝገብ የሰፈረን ጾታ ለማስለወጥ የሚፈቀደውን ዕድሜ ከ18 ወደ 16 ዓመት ዝቅ አድርጎታል። 18 ዓመት ያልሞላው አመልካች ግን የአሳዳጊዎቹን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ከመካከላችን አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ፊርማ ሊጠየቁ ይችላሉ።

በአማርኛ «ምክንያት» ሁለት ፊት አለው፤ መነሻም ነው፣ ማመካኛም ነው። «ምክንያት አታብዛ» ስንል የምንገሥጸው ሁለተኛውን ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው «ፖለቲካዊ ሊበራሊዝም» እንዳስረዳው፣ ቅን ሰዎችም ማስረጃው በተወሳሰበበት ጉዳይ ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ምክንያታዊ የሚያሰኛቸው ሌላው ሊቀበለው በሚችል ፍትሐዊ ደንብ ለመኖር መፍቀዳቸው ነው።

በዚህ መለኪያ የዕድሜውን ወሰን መቃወም ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል እንላለን። በመንግሥቱ ጥምረት ውስጥ እንኳ ሞደራቶችና ሊበራሎች ሲደግፉ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ተቃውመዋል። የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣንም በ2022 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና በልዩ ሁኔታ ብቻ እንዲሆን መክሯል (የመዝገብ ለውጥና ሕክምና የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቡና ላይ ግን ሁልጊዜ ይደባለቃሉ)። «እነዚህ ሰዎች ሥራም ቤትም አይገባቸውም» የሚለው ግን ማመካኛ ነው፤ ተናጋሪው ራሱ በዚያ ደንብ ሊዳኝ አይፈቅድምና። እኛ ስደተኞች ይህን ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረብን።

የብዙኃን ስምምነትም ዋስትና አይሆንም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1972 ከዓለም ቀድማ የጾታ ለውጥን በሕግ ስትፈቅድ፣ አመልካቹ መካን እንዲሆን ታስገድድ ነበር። ግዴታው አርባ ዓመት ያህል ምክንያታዊ ተብሎ ቆየ፤ በዲሴምበር 2012 የስቶክሆልም የአስተዳደር ይግባኝ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ በየነ፤ በ2018 ለእያንዳንዱ ተጎጂ 225,000 ክሮና ካሣ እንዲከፈል ተወሰነ።

ከሕጉ ይልቅ ወላጆችን የሚያስጨንቃቸው አንዳንዴ ግሱ ነው። ስዊድኖች ጾታ የማይለየውን «ሄን» በ2015 በአካዳሚው የቃላት መዝገብ አስገብተዋል። እኛ «ሄድክ» ወይም «ሄድሽ» ሳንል ልጃችንን ማናገር አንችልም። ጾታ የማይለይ «እርስዎ» አለን፤ ነገር ግን ለገዛ ልጅ ቢነገር ሹፈት ይመስላል።